አዲሱ ትራክ በብርድ ለምን አይሞቅም? ዲለር ጋ ከመሄድዎ በፊት የሚደረግ ምርመራ

ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው የመኪና ዕውቀት በአብዛኛው ስለ መፍላት ነው። ከጎሃ ጽዮን ወርዶ፣ አባይን ተሻግሮ፣ ወደ ደጀን ጭኖ የሚወጣ ሾፌር ዓይኑን ከሙቀት ጌጁ ላይ የማያነሳው ሞተሩ እንዳይፈላበት ነው፤ ጌጁ ዝቅ ብሎ ካየማ ደስ ይለዋል። ይኸው ሾፌር ዛሬ አሜሪካ ውስጥ አዲስ ትራክ ገዝቶ በጥር ወር በዋዮሚንግ ወይም በሰሜን ዳኮታ ሲነዳ የሚገጥመው ግን የተገላቢጦሽ ነው። ከ180 በላይ መቆም የነበረበት ጌጅ 150 ላይ ይዋልላል፣ የካቢኑ ሂተር ለብ ያለ አየር ይነፋል፣ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት ይበራል። ዲለሩ «ብርድ ነው፣ ኖርማል ነው» ይላል፤ ጓደኛ ደግሞ «ፊቱን ሸፍነው» ብሎ ይመክራል። ሁለቱም አንዳንዴ ልክ ናቸው፣ አንዳንዴ ደግሞ እውነተኛ ብልሽት ተሸፍኖ እንዲቆይ ያደርጋሉ። መለያው አንድ ጥያቄ ነው፦ ጌጁ የወረደው ሞተሩ ጭነት እየጎተተ ነው ወይስ አርፎ? መልሱን ያለ መካኒክ፣ በራስዎ ማግኘት ይችላሉ። መልሱ ሳይታወቅ ዕቃ መቀየርም ሆነ ፊት መሸፈን ግን ገንዘብ መጣል ነው።

መጀመሪያ የሞተርዎን ቁጥር ይወቁ። ቴርሞስታት በሰም የሚሠራ በር ነው። ኩላንቱ እስኪሞቅ ተዘግቶ ሞተሩ ውስጥ ብቻ ያዞረዋል፤ ሲሞቅ ሰሙ ያብጥና ወደ ራዲያተሩ ይከፍትለታል። በዛሬዎቹ ከባድ የናፍጣ ሞተሮች ላይ ይህ በር በአብዛኛው ከ180 እስከ 190 ዲግሪ ፋራናይት ባለው መካከል መከፈት ይጀምራል፤ በሴልሺየስ ከ82 እስከ 88 መሆኑ ነው። የእርስዎ ሞተር በትክክል ስንት ላይ እንደሚከፍት መመሪያ መጽሐፉን ይመልከቱ፤ እዚያ ካጡት የዲለሩን የዕቃ መሸጫ ክፍል በሞተሩ ሴሪያል ቁጥር ይጠይቁ። አንዳንድ ሞተሮች ሁለት ቴርሞስታት አላቸው፣ አንዱ ብቻ ተከፍቶ ቢቀር ሞተሩ እንዳይሞቅ ይበቃል፤ ስለዚህ ስንት እንዳለውም አብረው ይጠይቁ። ይህን ቁጥር የማያውቅ ሰው «ጌጁ ዝቅ ብሏል» ሲል ከምን ዝቅ እንዳለ መናገር አይችልም፤ ዲለሩም በቀላሉ ይመልሰዋል።

ቀጥሎ ጌጁ የሚወርደው መቼ እንደሆነ ይለዩ። የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንየው። አይድል ላይ የቆመ የናፍጣ ሞተር የሚያቃጥለው ነዳጅ በሰዓት አንድ ጋሎን እንኳ አይሞላም። ከዚያች ነዳጅ የሚገኘው ሙቀት ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝን ብረት፣ ከ10 ጋሎን በላይ ኩላንት፣ በዚያ ላይ የሾፌሩንና የመኝታውን ሂተር ማሞቅ ይጠበቅበታል። ውጭው ከዜሮ ፋራናይት በታች ሲሆን ሒሳቡ አይገጥምም፤ ቴርሞስታቱ ጥርቅም ብሎ ተዘግቶም ጌጁ ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። አዲሶቹ ሞተሮች ደግሞ ከነዳጁ የበለጠውን ወደ ጉልበት ስለሚቀይሩ ወደ ኩላንቱ የሚሄደው ትርፍ ሙቀት ከቀድሞዎቹ ያንሳል፤ ሀይዌይ ላይም በዝቅተኛ ዙር ነው የሚጓዙት። «የድሮው ትራኬ እንዲህ አያደርግም ነበር» የሚለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ ብቻውን ግን አዲሱ ተበላሽቷል ለማለት አያበቃም።

ቁልቁለትም እንደዚሁ ነው። ከዴንቨር በአይ-70 ወደ ምዕራብ ሲሄዱ የአይዘንሃወር ዋሻ ከባሕር ጠለል በላይ 11,000 ጫማ አልፎ ይገኛል። ከዋሻው ወጥተው ወደ ሲልቨርቶርን ሲወርዱ እግርዎ ከነዳጁ ላይ ይነሳል፣ ሞተሩም ናፍጣ ማቃጠሉን አቁሞ ቀዝቃዛ አየር ብቻ ይምጋል። በብዙ ትራኮች ላይ የሞተር ፍሬኑ፣ ጄክ ብሬክ የሚባለው፣ በከፍተኛው ደረጃ ሲሠራ ፋኑም ሆን ተብሎ አብሮ እንዲነሳ ይደረጋል፤ ትልቁን ፋን ማዞር ራሱ ጉልበት ስለሚበላ ፍሬኑን ያግዛል። ስለዚህ ቁልቁለቱ ሲያልቅ ጌጁ 20 ወይም 30 ዲግሪ ወርዶ ቢያገኙትና ሜዳው ላይ ጥቂት ማይል ሲሄዱ ከተመለሰ ሞተሩ ደህና ነው። ብልሽት የሚባለው ሌላ ነው፦ ጭነት ይዘው፣ ሜዳ ወይም አቀበት ላይ፣ በ60 ማይል ፍጥነት ግማሽ ሰዓት ያህል ነድተው፣ ፋኑ ሳይነሳ፣ ጌጁ ከቴርሞስታቱ ቁጥር በግልጽ ዝቅ ብሎ ከቀረ ነው። ምክንያቱም እንዲያ የሚሠራ ሞተር የሚያወጣውን ሙቀት ብሎኩና ሂተሮቹ ብቻቸውን ሊጨርሱት አይችሉም። ያን ያህል ሙቀት የሚወስድ ራዲያተሩ ብቻ ነው፤ ራዲያተሩ ከወሰደው ደግሞ በሩ መዘጋት ሲገባው ተከፍቷል ማለት ነው። ባዶ ትሬለር እየጎተቱ፣ ነፋስ ከኋላ እየገፋዎት የወሰዱትን ልኬት ግን ከቁጥር አያስገቡት።

ቴርሞስታቱን ከመጠርጠርዎ በፊት ኩላንቱን ይዩ። ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ኮፈኑን ከፍተው በጋኑ ላይ ካለው ዝቅተኛ ምልክት ጋር ያስተያዩት። የሞቀ ሞተርን የኩላንት ክዳን ፈጽሞ አይክፈቱ፤ በግፊት የሚፈናጠር ኩላንት ፊት ያቃጥላል። ኩላንት ሲጎድል ሲስተሙ ውስጥ አየር ይገባል፣ አየሩ ሂተሩ ጋ ሲደርስ ካቢኑ ይቀዘቅዛል፣ ሴንሰሩ ጋ ሲደርስ ደግሞ ጌጁ ያልሆነውን ያነባል። አዲስ ትራክ ላይ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ፋብሪካ ሲሞላ የቀረ አየር ቀስ በቀስ ሲወጣ መጠኑ ሊወርድ ይችላል። የቱቦ ማሰሪያዎችንም ልብ ብለው ይመርምሩ። ብርድ ላስቲኩንና ብረቱን እኩል ስለማያኮማትራቸው ሌሊት የሚንጠባጠብ ማሰሪያ ሞተሩ ሲሞቅ ይደፈንና ጋራዥ ውስጥ ደረቅ ሆኖ ይታያል። የሚያጋልጠው በማሰሪያው ጠርዝ ዙሪያ ደርቆ የቀረው የኩላንቱ ቀለም ነው፤ ቀይ፣ ሐምራዊ ወይም አረንጓዴ ቅርፊት ሆኖ ይለጠፋል፣ በጣት ጥፍር ሲፍቁትም ይፈረፈራል። ያን ካዩ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት።

የኩላንቱን ጥንካሬ በዓይን መገመት አይቻልም፤ በብርሃን የሚለካው ትንሽ መሣሪያ፣ ሪፍራክቶሜትር የሚባለው፣ ዋጋው ቀላል ስለሆነ ይግዙት። ግማሽ ውሃ ግማሽ ግላይኮል የሆነ ኩላንት እስከ −34 ፋራናይት አይረጋም። 60 በመቶው ግላይኮል ሲሆን ደግሞ ከ−50 በታችም ይችላል። «እንግዲያው ንጹሑን ባፈስ ይሻላል» ማለት ግን ስሕተት ነው፤ ውሃ ያልገባበት ግላይኮል 9 ዲግሪ ፋራናይት አካባቢ ላይ ይረጋል፣ ሙቀት የመሸከም አቅሙም ደካማ ነው። ሲጨምሩ ትራኩ ሲመጣ ከነበረው ዓይነት ጋር አንድ መሆኑን ከመመሪያው ያረጋግጡ፤ ቀለም ተመሳስሎ ዓይነቱ ሊለይ ይችላል።

ከዚያ ሴንሰሩን ይፈትኑ። ለዚህ የሚያስፈልገው ሌሊቱን ሙሉ ውጭ ያደረ፣ ሞተሩን በኤሌክትሪክ የሚያሞቀው ብሎክ ሂተር ያልተሰካ ትራክ ነው። ጠዋት ቁልፉን ብቻ ከፍተው፣ ሞተሩን ሳያስነሱ፣ ዳሽቦርዱ ወይም ከሞተሩ ኮምፒውተር ጋር የሚገናኝ መሣሪያ ላይ የኩላንቱን፣ የሞተር ዘይቱን፣ የሚገባውን አየርና የውጭውን ሙቀት ያንብቡ። ሌሊቱን አብረው ስለበረዱ ቁጥሮቹ በጥቂት ዲግሪ ልዩነት መቀራረብ አለባቸው። ሦስቱ 5 ዲግሪ ላይ ሆነው ኩላንቱ ብቻ 35 ካለ ጥፋቱ የሴንሰሩ ወይም የሽቦው ነው። አራቱም ከተስማሙ ጌጁ እውነቱን ነው የሚናገረው። ይህ ምርመራ ደቂቃዎች የሚፈጅ ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ትራኩ ሞቃት ጋራዥ ውስጥ ካደረ ፈተናው ደካማ ነውና ራስዎ ቢያደርጉት ይሻላል።

አሁን ቴርሞስታቱ ላይ እንድረስ። ሞተሩን አስነስተው ዳሽቦርዱን እየተከታተሉ ከሞተሩ ወጥቶ ወደ ራዲያተሩ የላይኛው ክፍል የሚገባውን ወፍራም ቱቦ ሙቀት ይለኩ። በእጅ ከመዳሰስ በርቀት የሚለካ ሙቀት መለኪያ ይሻላል፣ ፋኑ ሳያስጠነቅቅ ስለሚነሳ እጅ፣ ሻርፕና የጃኬት ክር ከአካባቢው ይራቅ። መለኪያውን የሚያብለጨልጭ ብረት ላይ ካነጣጠሩ ከእውነተኛው ያነሰ ያነባል፤ ጥቁሩ ላስቲክ ላይ ያድርጉት። ደህና ቴርሞስታት ካለው ጌጁ 120፣ 140፣ 160 እያለ ሲወጣ ቱቦው ገና ቀዝቃዛ ይሆናል፣ ልክ የመክፈቻው ቁጥር አካባቢ ሲደርስ በድንገት ይግላል። ጌጁ 110 ላይ እያለ ቱቦው አብሮት የሚሞቅ ከሆነ በሩ አልተዘጋም። አየር ለማስወጣት የተተወ ትንሽ ቀዳዳ ስላለ ለብ ማለቱ ብቻ አያስደነግጥዎ፤ የሚፈልጉት ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን መውጣታቸውን ነው። ብርዱ ጽኑ ከሆነ አይድል ላይ 180 ላይደርስ ስለሚችል ትንሽ ነድተው፣ ቆመው ይለኩ።

ፋኑን በጆሮ ይለዩታል። ሲነሳ አውሮፕላን የሚነሳ የሚመስል ጉምጉምታ አለው፤ በብርድ፣ በሜዳ፣ ያለ ጄክ ብሬክ ያ ድምፅ ሳይቋረጥ ከተሰማ የፋኑ ክላች ተጣብቋል፣ ወይም ኮምፒውተሩ እያዘዘው ነው። የመስታወት ማድረቂያው የኤርኮንዲሽኑን ኮምፕረሰር እንደሚያስነሳና እሱም ፋኑን ሊጠራ እንደሚችል ያስታውሱ፤ ማድረቂያውን አጥፍተው ድምፁ ከጠፋ ብልሽት አይደለም።

«ቢቀዘቅዝስ ምን ይጎዳል? ከመፍላት ይሻላል» የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ ለቀድሞዎቹ ሞተሮች በከፊል ያስኬድ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ በአሜሪካ የሚሸጥ አብዛኛው ከባድ የናፍጣ ትራክ ግን የጭሱን ጋዝ በዴፍ ፈሳሽ የሚያጠራ ሲስተም አለው፣ ያ ሲስተም ደግሞ ያለ ሙቀት አይሠራም። ዴፍ 12 ፋራናይት ላይ ይረጋል፤ በአብዛኞቹ ትራኮች የዴፉን ጋን የሚያቀልጠው በውስጡ የሚዞረው የሞተሩ ኩላንት ነው። ኩላንቱ ካልሞቀ ዴፉ በጊዜው አይቀልጥም። ጥላሸት የሚይዘው ዲፒኤፍም ሪጀን እንዲያደርግ፣ ማለትም የያዘውን ጥላሸት እንዲያቃጥል፣ ኮምፒውተሩ በቅድሚያ ኩላንቱ ከተወሰነ ሙቀት በላይ እንዲሆን ይጠይቃል። ከዚያ የሚመጣውን ሾፌሮች በሚገባ ያውቁታል፦ ሪጀን የማይጨርስ ትራክ፣ ከዚያ ጉልበት የሚቀንስ ሞተር፣ ከዚያ ቶ መኪና። ዘይቱም አይተርፍም። ቀዝቃዛ ሲሊንደር ውስጥ ሙሉ በሙሉ ያልተቃጠለ ናፍጣ በግድግዳው ተንሸራትቶ ዘይት ውስጥ ይገባና ያቀጥነዋል፣ ከቃጠሎው የሚወጣው የውሃ ተንም ሙቀት ስለሌለ ውሃ ሆኖ እዚያው ይከማቻል። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ቀዝቅዞ የሚሠራ ሞተር ጉዳቱ ቀስ ብሎ ቢመጣም ጉዳት ነው፣ ሂሳቡም ከቴርሞስታት ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ፊቱን መሸፈን፣ ዊንተር ፍሮንት የሚባለው፣ ሁለተኛው ክርክር ነው። ጥቅሙን አልክድም፤ ጽኑ ብርድ ባለበት የነፋሱን ግፊት ከሞተሩ ክፍል ይከላከላል። ችግሩ ሰዎች ምርመራ ሳያደርጉ መፍትሔ አድርገው መውሰዳቸው ነው። ቴርሞስታቱ ደህና ከሆነ ኩላንቱ ወደ ራዲያተሩ አይሄድምና ሽፋኑ የሚጨምረው ጥቂት ነው፤ ሽፋኑ ጌጁን ጭነት ላይ 30 ዲግሪ ካነሳው የተከፈተውን በር አሳየዎት ማለት ነው። ከራዲያተሩ ፊት ደግሞ ቱርቦው የጨመቀውን የጋለ አየር የሚያበርደው ክፍል አለ፣ እርሱንም አብረው ነው የሚሸፍኑት። አየሩ ሳይበርድ ከገባ ኮምፒውተሩ ፋኑን ያስነሳል ወይም ጉልበት ይቀንሳል። ስለዚህ ምርመራውን ከጨረሱ በኋላ ብቻ፣ የሞተሩ አምራች በፈቀደው መጠን፣ መሃሉ ተከፍቶ በሁለቱም ጎን እኩል እንዲሆን አድርገው ይጠቀሙበት፤ ነፋሱ በአንድ በኩል ብቻ ከገባ የፋኑ ቅጠሎች ይጎዳሉ። ከሞንታና ተነስተው ወደ ቴክሳስ ሲወርዱ ማንሳቱን እንዳይረሱ። ካርቶን ግሪሉ ላይ መሰካት ግን በጭራሽ አልመክርም።

ሌሊቱን በአይድል ማሳደርም መፍትሔ አይደለም። ከላይ እንዳየነው አይድል ሙቀት የለውም፤ በሰዓት 0.8 ጋሎን ያህል እያቃጠለ ዲፒኤፉን ጥላሸት ይሞላል፣ እንደ ካሊፎርኒያ ያሉ ክፍለ ግዛቶችም ከ5 ደቂቃ በላይ አይድልን ይከለክላሉ። ለመኝታው በናፍጣ የሚሠራ ትንሽ ሂተር ያስገቡ፤ አንድ ጋሎን ሌሊቱን በሙሉ ይበቃዋል። ለሞተሩ ብሎክ ሂተሩን ከመነሳትዎ ጥቂት ሰዓታት በፊት ይሰኩት። ይህ ዕቃ ከ1,000 እስከ 1,500 ዋት ስለሚስብ ቀጭን የቤት ማራዘሚያ ገመድ ይግላል፣ ሊቃጠልም ይችላል፤ ወፍራም፣ ለውጭ የተሠራ ገመድ ይጠቀሙ። ሲሰኩት የብሎኩ አካባቢ እየሞቀ መሆኑን በመለኪያው ያረጋግጡ፣ ምክንያቱም አዲስ ትራክ ላይም ገመዱ ከኤለመንቱ ጋር ሳይገናኝ ሊገኝ ይችላል። አይድል ማድረግ ግድ ከሆነብዎት ዙሩን መመሪያው ወደሚፈቅደው ከፍ ያድርጉት።

ጌጁ በብርድ ወደ ላይ ከወጣ ግን ወዲያው ይቁሙ፤ ይህ ከመውረዱ ይልቅ አስቸኳይ ነው። ውሃ የበዛበት ኩላንት ራዲያተሩ ውስጥ በረዶ ሆኖ መንገድ ሲዘጋ ሞተሩ በ−20 ዲግሪም ይፈላል። ሳይነሳ የቀረ ሽፋን ወይም ግሪሉ ላይ የተጠቀጠቀ በረዶም ያንኑ ያደርጋል። በረዶውን ያንሱ፣ ሽፋኑን ይክፈቱ፤ ጌጁ ካልወረደ ሞተሩን አጥፍተው እርዳታ ይጥሩ።

ምርመራው ቴርሞስታቱ ተከፍቶ መቅረቱን ካሳየ ትራኩ በዋራንቲ ነውና ራስዎ አይፍቱት። ዲለሩ ጋ ሲሄዱ «አይሞቅም» ብለው ብቻ አይናገሩ። የውጭውን ሙቀት፣ የጭነቱን ክብደት፣ ፍጥነቱን፣ ዙሩን፣ መንገዱ ሜዳ ወይም አቀበት መሆኑን፣ ፋኑ መነሳት አለመነሳቱን፣ ጌጁ ስንት ላይ ለስንት ደቂቃ እንደቆየ ይጻፉና የቱቦውን ልኬት ያያይዙበት። ኮምፒውተሩ ኮድ ይዞ ከሆነ ለኩላንት ሙቀት በከባድ ትራኮች የሚያገለግለው ቁጥር ኤስፒኤን 110 ነው፤ ፒ 0128 የሚል ካዩ ደግሞ ሞተሩ በሚጠበቀው ጊዜ ወደ ቴርሞስታቱ ሙቀት አልደረሰም ማለት ነው። አገልግሎት ሰጪው በቅንነት «እኛ ጋ ደህና ነው» ሊል ይችላል፤ በሞቀ ጋራዥ ውስጥ፣ ትሬለር ሳይጎትት፣ አይድል ላይ የተፈተነ ሞተር በርግጥም ደህና ይመስላል። ስለዚህ ትራኩ ሌሊት ውጭ አድሮ፣ ጠዋት ቱቦው እንዲለካ፣ ከዚያም ጭነት ጎትቶ እንዲነዳ ይጠይቁ፤ እምቢ ቢሉም እንኳ ቅሬታዎ በእርስዎ ቃል ሪፔር ኦርደሩ ላይ ተጽፎ ቅጂው እንዲሰጥዎ ያድርጉ። የብዙ ትላልቅ ሞተሮች መነሻ ዋራንቲ 2 ዓመት ወይም 250,000 ማይል ነው፣ ቀድሞ የሞላው ይቆጠራል፤ ረጅም መንገድ የሚሠራ ትራክ ደግሞ ሁለት ሙሉ የብርድ ወቅት ብቻ ነው በዚያ ውስጥ የሚያገኘው። ሚያዝያ ሲገባ ምልክቱ ይጠፋል፣ ማስረጃም አይኖርዎትም። ጥር ላይ ያዩትን ጥር ላይ ያስመዝግቡ።